ሃምሳ ስምንት ቁጥር ኮፍያ

ባሌ ሐኪም አያምንም ነበር። ሐኪም ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሚዛን አያምንም፣ መስታወት አያምንም፣ እኔንም ቢሆን የሚያምነኝ ደስ ሲለው ነው። ሙሉ በሙሉ የሚያምነው ኮፍያውን ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ስቄበታለሁ።

ሥራው የሆቴል በር መክፈት ነው። በር ከፋች ስላልኩ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እሱ በበኩሉ አንድም ቀን ቀላል አድርጎት አያውቅም። እስከ ጉልበት የሚወርድ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት፣ ሁለት ረድፍ የናስ ቁልፍ፣ ነጭ ጓንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዙሪያውን ወርቃማ ክር የተጠመጠመበት ያ ጠንካራ ኮፍያ። የሰፈሩ ሰው «ጄኔራሉ» ይለው ነበር። ጠዋት ሲወጣ ጥጉ ላይ ያለው ባለሱቅ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ የኔው ሰውዬ ደግሞ ቀልድ መሆኑን እያወቀ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይመልስለታል። ኮፍያውን ያገኘው የተቀጠረ ዕለት ነው። ከውስጥ፣ ግንባር የሚነካው ቆዳ ላይ 58 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። «ጭንቅላቴ ሃምሳ ስምንት ነው» ይላል፣ ሌላው ሰው የተመረቀበትን ትምህርት በሚናገርበት ድምፅ።

ይህ የኮፍያ ነገር የመጣው ከአባቱ ነው። አባቱ ባርኔጣ ከራሱ የማይለይ ሰው ነበር አሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጎንበስ ሲል ባርኔጣው ተንሸራቶ ቅንድቡ ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ከት ብለው ሳቁ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አልቆየም። ከቀብር መልስ እናቱ ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዳ፣ ያን ዕለት ጭንቅላቱ ከስቶ እያየሁት ዝም አልኩ ብላ ደረቷን መታች። ባሌ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት የወንድ ጤና የሚለካው በኮፍያ ሆነ። ወንድሞቹ አሁንም ሲገናኙ እንደ ዋዛ ኮፍያቸውን ጫን ጫን ያደርጋሉ፤ አይቻቸዋለሁ።

እኔ ደግሞ፣ የኔ ነገር፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። የደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የኮፍያ የውስጥ ቆዳ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ዓይኔ ሲደክም ነው የተውኩት። ኮፍያ ማጥበብ፣ ኮፍያ ማስፋት፣ ሰው ሳያውቅብኝ መጠገን፣ ይህን ሁሉ እጄ ያለ እኔ ፈቃድም ይሠራዋል።

እንግዲህ ዝናቡ የሚያበቃበት ሰሞን ነው። ባሌ በእኩለ ቀን ከሥራ መጣ። በእኩለ ቀን መጥቶ አያውቅም። ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ጫማውን እንኳ ሳይፈታ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኮፍያውን መሬት ላይ ጥሎታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሚስማሩ በቀር የትም አስቀምጦት የማያውቀውን ኮፍያ።

«ምን ሆንክ?»

«ወረደ።»

«ምኑ?»

«ኮፍያዬ። የመኪና በር ልከፍት ጎንበስ ስል ዓይኔ ላይ ወረደ። እንግዳዋ ሳቀች። ሻንጣ ተሸካሚዎቹም ሳቁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያ ከፍ አታደርገውም?» እለው ነበር። ለእሱ ግን እንዲህ አይባልም። መክሳቱን እኔም ካየሁ ሰንብቻለሁ። ሾርባውን ግማሹን እየተወ መነሳት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፤ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጥብቤለታለሁ። ሱሪውን ሳጠብ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ «ቦርጬ ጠፋ፣ ጎረምሳ ሆንኩልሽ» እያለ በቤቱ ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። የሱሪ ነገር ለእሱ ቀልድ ነው። የኮፍያ ነገር ፍርድ ነው።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ምን ሊያደርግልኝ? አባቴን ሐኪም አዳነው?»

ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደም። ውሃ ስሰጠው ይጎነጫል፤ እህል ሳቀርብለት አፉን ይዘጋል። እንደ ሕፃን ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሦስተኛው ቀን ዓይኖቹን ሳያቸው ገባኝ፤ ሰውየው በሽታው ሳይገድለው በፊት በገዛ እጁ ሊሄድ ነው። ያን ጊዜ ነው ያን ውሸት ያሰብኩት። እንዲህ ዓይነት ውሸት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋሽ ይመስላል።

«ስማ» አልኩት፣ ኮፍያውን አንስቼ ውስጡን እያገላበጥኩ። «የኮፍያ ሰው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ይኼ ሱፍ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከረመ። ሱፍ ሲረጥብ ይለጠጣል። የሰፋው ኮፍያው ነው እንጂ ያንተ ጭንቅላት ምን ሆነ?»

ከግድግዳው ዞር አላለም፤ ግን ሲያዳምጥ ጀርባው ያስታውቃል።

«በእንፋሎት ወደ ልኩ ይመለሳል። አሁኑኑ አሳይሃለሁ።»

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩ። ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ሲፈላ ኮፍያውን በእንፋሎቱ ላይ አዟዟርኩት፤ ትንሽ ሰብሰብ አለ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ የውስጡን ቆዳ ከኋላ በኩል በምላጭ ፈታሁና ከአሮጌ ካፖርቴ እጅጌ የጣት ወርድ ያለው ቅዳጅ ቆርጬ ዙሪያውን አስገባሁለት። ቆዳውን መልሼ ስሰፋ መርፌዬን ያሳለፍኩት በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ነው፤ አንድ አዲስ ቀዳዳ አልበሳሁም። ድርጅቱ ውስጥ አለቃችን የነበረችው ሴትዮ ብታየው እንኳ የተነካ አይመስላትም ነበር። ይህን ስል አሁንም የሆነ ኩራት ይሰማኛል፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ትኩስ እንደሆነ አመጣሁለት። ተነስቶ ተቀመጠና በሁለት እጁ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ጎንበስ አለ። አልወረደም። እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ ከድኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አለቀሰ። ሲጨርስ «እርቦኛል» አለ። አራት እንቁላል ከዳቦ ጋር በላ። አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷን ጉርሻ ስቆጥር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እስኪ ትንሽ ያገግም፣ ከዚያ ራሴ ቅዳጁን አውጥቼ እነግረዋለሁ፣ ሐኪም ቤትም እወስደዋለሁ አልኩ በልቤ። ሳምንት ቢበዛ።

በሳምንቱ ኮፍያው እንደገና ላላ። እሱ ሳያውቅ እኔ አወቅሁ፤ ሲወጣ በሩ ላይ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው አየሁት። እሑድ ገላውን ሲታጠብ ሁለተኛውን ቅዳጅ አስገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሦስተኛውን።

ሐኪም ቤት ሂድ ማለቴን አልተውኩም፤ ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም። ማታ እለዋለሁ፣ ጠዋት እለዋለሁ። ሆዱን ይዞ ጎብጦ ሳየው እለዋለሁ። እሱ ግን በየጊዜው አንድ መልስ ነበረችው፤ ኮፍያውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። «ሃምሳ ስምንት» ይለኛል። «አንቺው አይደለሽ የሰፋው ኮፍያው ነው ያልሽኝ? ጨጓራ ነው። ጨጓራ የሌለበት ሰው አለ?» እኔ ምን እላለሁ? በገዛ እጄ የሰፋሁት ነገር አፌን ዘጋው። ቅዳጆቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ብደረድርለት ነገሩ ያበቃ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀናት ሳስብ ግን እተወዋለሁ። እንደገና ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር በምን አስነሳዋለሁ? የመጀመሪያውን ውሸት ያመነኝ ሚስቱ ስለሆንኩ ነው፤ ሁለተኛ አያምነኝም።

አንድ ልጅ አለችን፤ ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ቀልደኛ ናት፤ በዚህ አባቷን ነው የወሰደችው። አንድ እሑድ እሱ መታጠቢያ ቤት ሳለ ኮፍያውን ከሚስማሩ አውርዳ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ልጅ ሆና የምትጫወተው ጨዋታ ነበር፤ ኮፍያው አፍንጫዋ ድረስ ይወርድና ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች፣ እኛ እንስቃለን። አሁን ፊቴ ቆማ፣ «እማዬ፣ ጄኔራሉ ጡረታ ወጣ፣ እኔ ተተካሁ» ብላ ሳቀች። ኮፍያው ልክክ ብሎ ተቀምጦላታል።

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። የእሷ ጭንቅላት ሃምሳ አምስት አይሞላም። ኮፍያውን አወለቀች፣ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን ቆዳው ላይ አሳለፈች። የኔ ልጅ ናት፤ ልጅ ሆና ከመርፌዬ አጠገብ ነው ያደገችው። ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተችኝ።

«ስንት ነው ያለው እዚህ ውስጥ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል።»

«ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ያውቃል?»

የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጌ ዘጋሁ።

«እማዬ፣ ሰውየው እያለቀ ነው! በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ሂድ ስንለው ይኼን እያንኳኳ ነው የሚያሾፍብን!»

«ብነግረው ይሞታል። አላየሽውም ያኔ። አላየሽውም።»

«ባትነግሪውስ?»

ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷ ግን አላባበለችኝም። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ? እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። መቼ? ነገ፣ ሰኞ፣ ከሥራ ሲመጣ። ልታስምለኝ እጄን ያዘችና ለቀቀችኝ።

ሰኞ መጣ። ኮፍያውን ሰቅሎ ሊታጠብ ገባ። አወረድኩት፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መቀስ አነሳሁ። አራት ስፌት ፈታሁ። ይኸውልህ ብዬ ሦስቱን ቅዳጅ ከነኮፍያው ላስይዘው ነው፤ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። አምስተኛው ስፌት ላይ እንደደረስኩ ከመታጠቢያ ቤት ድምፁ ተሰማኝ። ያንጎራጉራል። ባሌ ካንጎራጎረ መንፈቅ አልፎት ነበር። ድምፁ ተሰባብሯል፣ ትንፋሹ አይበቃውም፣ ግን ያንጎራጉራል። እስኪጨርስ ልጠብቅ አልኩ። ሲጨርስ በሩን ከፈት አድርጎ «ሰማሽ? ዛሬ ኃላፊው ሻንጣ ተሸካሚዎቹን ሰብስቦ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ከሁሉ ልብሱን በሥርዓት የሚለብሰው እሱ ነው፣ ከእሱ ተማሩ አላቸው!» ብሎ ጮኸ።

እሱ ልብሱን እስኪለብስ አራቱን ስፌት መልሼ ሰፋሁ። በድሮው ቀዳዳ።

በማግሥቱ ልጄ ስልክ ደወለች። «ነገርሽው?»

«ነገርኩት» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ኮፍያ ኮፍያ ነው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አትጨቅጭቁኝ አለ።»

ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ዓይኔን በጨው አጥቤ አልኩት። ልጄ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማሁ። «እንግዲህ እያወቀ እምቢ ካለ ምን እናደርገዋለን» አለች። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ ስለ ኮፍያው አላነሳችበትም። አባቷን ጉንጩን ስማ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ተቀመጠች። ራሱ የመረጠውን አክብራ ዝም ማለቷ ነበር። አራተኛውን ቅዳጅ ያስገባሁት ያን ሳምንት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከምናምን ሠራ። ሆቴሉ በር ላይ እንደቆመ ወደቀ። የደወሉልኝ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ ስደርስ ሐኪም ቤት ወስደውት ነበር። አንዱ ኮፍያውን አቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ያለ ኮፍያዬ አልገባም ብሎ አስቸግሯቸው ነው አሉኝ። ሁለት ቀን መረመሩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ፣ ልጄ ገና አልደረሰችም።

«ክብደት መቀነስ የጀመሩት መቼ ነው?»

«አልቀነስኩም» አላት። ደረቱ ላይ ያስቀመጠውን ኮፍያ አነሳላት። «ሃምሳ ስምንት ነው። እስከ ትናንትና ልኬ ነው።»

ሐኪሟ ኮፍያውን አየች፣ ትራሱ ውስጥ የሰመጠውን ፊቱን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ አላስተዋሉም?»

«ሐኪም ቤት ሂድ እለው ነበር» አልኩ። እውነት ነው፤ አንድም የውሸት ቃል የለበትም።

«አዎ፣ ትለኝ ነበር» አለ እሱ።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወስዳ ነገረችኝ። ጨጓራው ላይ ያለው እጢ ወደ ጉበቱ አልፏል። የሚደረግ ነገር ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው። «ከአምስት ወር በፊት ቢመጡልን ቆርጠን እናወጣው ነበር» አለች። አምስት ወር። በጣቴ መቁጠር አላስፈለገኝም። ማንቆርቆሪያውን የጣድኩበት ሳምንት ነው።

ቤት አመጣነው። ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ከእኛ ጋር ሆነች። እንደዚያ ያለ ልጅ ለማንም ይስጥ፤ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ጋዜጣ ታነብለታለች፣ እየቀለደች ታስቀዋለች። እኔን «እማዬ፣ አንቺ ትንሽ ተኚ» እያለች ትገፋኛለች። እንዳይሰማን እየተጠነቀቀች ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን አቀፈችኝና «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፤ ነግረሽዋል» አለችኝ። አቀፍኳት። ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? በዚያ ሰዓት ከእሷ በቀር ምንም አልቀረኝም።

ያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ አልጋው ላይ ገብታለች። ሲተኛ ውሎ ነቃና ስሜን ጠራ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ ሊጠጣ የሚችለውን ያህል ውሃ በብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች።

«አንድ ነገር ልበልሽ» አለኝ። ድምፁ ከከንፈሩ አያልፍም፤ ጎንበስ አልኩለት። «ልቤ ላይ ከብዶኛል።»

«አትናገር፣ ይደክምሃል።»

«አይ። አንቺ ቀን ከሌት ሂድ አልሽኝ። ለመንሽኝ። እኔ ኮፍያዬ ልክ ነው ብዬ ደረቅኩብሽ። ኮፍያዬ አንዴ እንኳ ላላ ብሎ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ አንድም ቀን አልላላም እኮ። ባንድ ኮፍያ የተነሳ አንቺን ብቻሽን ትቼሽ ልሄድ ነው።» እጄን ፈለገ። አገኘው። «ይቅር በይኝ።»

ቀና አልኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ትናገሪያለሽ ወይስ አትናገሪም እያለችኝ እንደሆነ እናት ነኝና ይገባኛል። ብናገር በሰላም አይሞትም። ባልናገር እሷን አጣለሁ። ሁለቱንም በዚያች ቅጽበት አውቄያለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም። ሌላም ነገር አለ፣ ይህንንም ልናገረው፤ ደግሞም ፈርቼ ነው። እሱ በመጨረሻ የሚያየው ፊት የሚጠላው ፊት እንዲሆን አልፈለግኩም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

እፎይ አለ። እጄን እንደያዘ ዓይኑን ከደነ። ልጄ ብርጭቆውን ትራሱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ የአባቷን ግንባር ስማ፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። እሱ ሁለት ቀን ቆይቶ አረፈ። ቀብሩን እሷው አስፈጸመች፣ ለቀስተኛውንም እሷው አስተናገደች። አሁንም እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ታሟላለች። ከዚያች ቀን ወዲህ እማዬ ብላ ጠርታኝ ግን አታውቅም።